የዲኤክሷ ቴፕና የሳያት ሰርግ

ሀዋሳ ውስጥ ዲኤክስ መኪና ያለው ሰው ሞልቷል። እውነተኛ ዲኤክስ ያለው ግን እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌሎቹ የሚነዱት ጎማ የተገጠመለት ቆርቆሮ ነው። የእኔዋ ሰማያዊ ናት። ሐይቁም ቀለሙን ያገኘው ከእሷ ነው ይባላል። የሚለው እኔ ነኝ፤ ቢሆንም ይባላል።

ሥራዬ የቤት ድለላ ነው። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ካለው ቤት ግማሹን ያከራየሁት እኔ ነኝ፤ የቀረውን ግማሽ ያከራዩት ደግሞ ከእኔ የተማሩ ናቸው። አንድ ክፍል ከነኮሪደሩ በእኔ አፍ ሲያልፍ «ሁለት መኝታ ከነሳሎኑ» ይሆናል። ውሸት አይደለም። ኮሪደር ላይ የሚተኛ ሰው እስካለ ድረስ ኮሪደርም መኝታ ነው።

መኪናዋ መጀመሪያ የታላቅ ወንድሜ የጋሼ ደምሴ ነበረች። ጋሼ ደምሴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መምህር ነበር። እሑድ እሑድ ልጁን ሳያትን ከፊት ያስቀምጥና ቴፑን ከፍቶ ሐይቁን ይዞ ወደ ቡሹሎ ይነዳ ነበር። ቀስ ብሎ ነው ታዲያ። አህያ ስትቀድመው እንኳ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እለፊ እመቤቴ» ይላት ነበር። እሱ ሲሞት መኪናዋ ወደ እኔ መጣች፤ ቴፑ ግን ከባለቤቱ ጋር የተቀበረ ይመስል ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ አላለም።

ሳያት አደገችልን፣ ተማረች፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚያስተምር ዮናስ የሚባል ጨዋ ልጅ አገኘች፤ ሰርጉም ለጥር ተቆረጠ። አንድ ቀን ቤቴ መጥታ ከመኪናዋ አጠገብ ቆመችና የበሩን እጀታ እየነካካች፣

«ጋሽ ፍቃዱ፣ የሰርጌ ዕለት በአባዬ መኪና መሄድ ነው የምፈልገው» አለችኝ። «ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

ሌላ ነገር ብትጠይቀኝ ኖሮ ታቦር ተራራን ነቅዬ ጓሯቸው እተክልላት ነበር፤ ይቺ ምን አላት!

ችግሩ አቶ ግርማ ነው። የሙሽራው አጎትና የሰርጉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ዕድሜውን ሙሉ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ሲመራ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ የሚመራው ሰው ያጣና ሰርግ ላይ የወደቀ ሰው ነው። መኪናዋን ሊያይ ከሳያት ጋር መጣ። እጁን ኮፈኗ ላይ ሲጭን ሐኪም የበሽተኛ ግንባር የሚዳስስ ይመስል ነበር።

«ሙሽሪት ያለችበት መኪና ሙዚቃ ከሌለው አጀቡ ሰርግ ሳይሆን ቀብር ነው የሚመስለው» አለ። «የእርስዎ መኪና ድምፅ አላት?»

«ድምፅ?» አልኩት። «አቶ ግርማ፣ እሷ አንዴ ከከፈተች ጥቁር ውሃ ወንዝ የተኛ ጉማሬ ተነሥቶ እስክስታ ይመታል።»

ከኋላዬ ባለቤቴን የሺን ሳል ያዛት። ይህ ሳል ትዳር ከያዝን ጀምሮ አለ፤ እኔ ሳወራ ብቻ ነው የሚነሣባት።

«መልካም» አለ አቶ ግርማ። «ነጭ ቪኤይት ተከራይቻለሁ፤ ባዶውን ከኋላ ይከተላችኋል። የእርስዎ ቴፕ መንገድ ላይ ዝም ካለ ሙሽሮቹ ወርደው ይቀይራሉ። ቪዲዮ ይቀረጻል፣ ሰው ያያል፤ ቀልድ የለም። ተስማማን?»

ሳያት አየችኝ። የበሩን እጀታ አልለቀቀችም።

«ተስማማን» አልኩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ በሁለቱም በኩል አልቆልኛል።

አዲስ ቴፕ ከዱባይ አዝዣለሁ ብዬ ለሰፈሩ ካወጅሁ በኋላ ወደ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሄድኩ። ሽቦውን ሁሉ ቀይሮ ቴፕ ለመግጠም ስንት እንደሚጠይቅ ሲነግረኝ መኪናዋን ሊገዛኝ የፈለገ መስሎኝ «ትንሽ ጨምርበት» አልኩት። ነገሩ ሲገባኝ ቀጥታ ወደ ሙህዲን ነዳሁ።

ሙህዲን መናኸሪያው ጀርባ ከሞቱ መኪናዎች የወጣ ዕቃ የሚሸጥ ወዳጄ ነው። ከተከመረው ብረት መሐል አንድ ቴፕ መዝዞ አቧራውን በክርኑ ጠረገልኝ።

«ይሄ ከምን የወጣ ነው?» አልኩት።

«ከአምባሳደር መኪና።»

«የየት አገር አምባሳደር?»

«መኪናዋ ተገልብጣ የለ እንዴ፣ አገሩ ምን ያደርግልሃል?»

እንዲህ ያለ ሰው እወዳለሁ። ስፒከሮቹን ከአንድ ምስኪን ሚኒባስ በሮች ላይ ነቀለልኝ፤ የእኔ ድርሻ ለእህቱ ልጅ ርካሽ ቤት መፈለግ ሆነ። ሽቦውን ደግሞ አልገዛሁም። ቤቴ የማይሠራ የካውያና የአሮጌ ፍሪጅ ገመድ አለ፤ መብራት እንደሆነ በየትኛውም ገመድ ይሄዳል፣ ዘር አይመርጥም።

«ማን ነው የሚገጥምልህ?» አለኝ ሙህዲን።

«ማን ይገጥመዋል! እኔ ነኛ።»

«አንተ? ያን ጊዜ የቤትህን ፊውዝ ስትቀይር ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ አልዋጠውም?»

«እሱ የጠፋው ከግድቡ ነው!»

«ይሁንልህ። በል ስማኝ» አለና ሁለት ሽቦ የወጣላት ትንሽ የመሞከሪያ አምፖል ሰጠኝ። «ለቴፑ ሁልጊዜ መብራት ያለው ሽቦ ነው የምትፈልገው። በዚች ነካ አድርገው፣ ከበራች አለ ማለት ነው። ከዚያ ግን መኪናዋ ላይ የተነካ የተረገጠውን ሁሉ ልቀቅና እንደገና…»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አልኩት። «ከበራች አለ» እስከሚለው ሰምቼዋለሁ። ደላላ ጥሩ ጥሩውን ከሰማ በኋላ አይጨርስም።

ሥራውን ግቢዬ ውስጥ ጀመርኩ። እዚህ ላይ ስለ እጅ ፍሬኗ መናገር አለብኝ። የእጅ ፍሬኗ ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ የትም ስንሄድ አንድ ጥቁር ድንጋይ ይዘን ነው፤ መኪናዋ ስትቆም የሺ ዱብ ብላ ትወርድና ጎማው ሥር ታኮ ታደርገዋለች። በዚህ ሥራ የሺን የሚያህል ሰው ደቡብም ሰሜንም የለም። የዚያን ዕለት ግን ድንጋዩ ለሰርጉ በተጠነሰሰው ጠላ ጋን መክደኛ ላይ ተጭኖ ነበር፤ «ጠላዬን የነካ!» ብላለች። ግቢያችን ደግሞ ከበሩ ወደ ቤቱ ይዘቀዝቃል።

«እንግዲያው መኪናዋ ውስጥ ግቢና ፍሬኑን ረግጠሽ ተቀመጪልኝ» አልኳት።

ምስሯን በሰፌድ ይዛ ገባችና ሾፌር ወንበር ላይ ተደላድላ መልቀም ጀመረች።

«እግርሽን እንዳትለቂ!»

«እጄ ነው ምስር የሚለቅመው፤ እግሬ ምን ሥራ አለው?»

በጀርባዬ ተኝቼ ጭንቅላቴን ከመሪው በታች ከክሩስኮቱ ሥር አስገባሁ። እዚያ ያየሁትን ሽቦ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ከሀዋሳ ሻሸመኔ ደርሶ ይመለሳል። አንዱ በፕላስቲክ ተጠቅልሏል፣ አንዱ ተልጧል፣ አንዱ በጋሼ ደምሴ እጅ በካልሲ ክር ታስሯል። በአምፖሏ አንዱን ነካሁ፤ የለም። ሌላውን ነካሁ፤ የለም። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። በመጨረሻ ከፍሬኑ በላይ፣ ልክ የየሺ ነጠላ ጫማ ካለበት አጠገብ፣ አንድ አረንጓዴ ሽቦ ነካሁ። አምፖሏ ቦግ አለች!

«አገኘሁት!» ብዬ ስነሣ ጭንቅላቴ ከክሩስኮቱ ጋር ተላተመ። ፒንሳው ስለጠፋብኝ ሽቦውን በጥርሴ ላጥኩት፣ ከቴፑ ጋር ገመድኩት፣ ናስትሮ ስለሌለኝም በቁስል ፕላስተር ጠቀለልኩት። ፍላሹን ሰካሁና ከፈትኩ።

ወዳጆቼ! ቤቱ ተንቀጠቀጠ። የጎረቤት ዶሮ ያለ ቀኗ እንቁላል ጣለች። የሰፈሩ ሰው በአጥር ላይ ተንጠለጠለ፣ ሳያት ከነቤተሰቧ እየሮጠች መጣች። መጥታም በፊት ወንበር በኩል መስኮቱ ላይ ተደግፋ ቆመች፣ ዓይኗ ውሃ ሞላ።

«ልክ እንደ አባዬ ጊዜ ነው» አለች።

«በስማም፣ እግሬ ደነዘዘ!» ጮኸች የሺ።

ቴፑን አጠፋሁ፣ የሺ የጎረቤት ድንጋይ ተፈልጎ ወረደች። ፍላሹንም ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። እስከ ሰርጉ ቀን ማንም እንዳይከፍተው፤ እንዲህ ያለ ድምፅ በየመንገዱ አይባክንም። የሠራ ነገር ሁለቴ አይሞከርም ብዬ እኔም አልከፈትኩትም።

የሰርጉ ዕለት ዲኤክሷን በሪባን ሸፍነናት ከሳያት እናት በር ላይ ቆምኩ። ሞተሩን አስነሥቼ፣ ፍሬኑን እንደ ወትሮው ረግጬ ይዤ ቴፑን ስከፍተው ሰፈሩ በአንዴ ሰርግ ሆነ። አዛውንት ሳይቀሩ ትከሻቸው ተነቃነቀ። አቶ ግርማ ቪኤይቱ ውስጥ ሆኖ ፊቱን አጠቆረ፤ ሰዓቱን አየ፣ ኮሚቴውን አየ። ሳያት በእልልታ ወጥታ ከዮናስ ጋር ከኋላ ገባች። ሚዜዎቹ በሌላ መኪና ሄዱ፤ ከፊት ያለው ወንበር የየሺ ነው። ድንጋዩን በነጠላዋ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ ጭኗ ላይ ይዛዋለች።

ቪዲዮ ቀራጩ ከፊት ባጃጅ ላይ ተንጠልጥሎ እጁን አወዛወዘልኝ። ማርሽ አስገባሁ፣ ፍሬን ለቀቅሁ፣ ወደፊት።

ቴፑ ዝም አለ።

«ምነው?» አለች ሳያት።

«ትንፋሽ እየወሰደ ነው» አልኳት።

አንድ ባጃጅ ድንገት ከፊቴ ገባ። ፍሬን ስይዝ ዘፈኑ «ሆ!» ብሎ ፈነዳ። ስለቀው ጸጥ። ፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ላይ ስደርስ ሆ! ሳልፈው ጸጥ። መንገድ ዳር የቆሙት ሊያጨበጭቡ እጃቸውን ያነሡና ሳያሳርፉት ያወርዱታል።

«ጋሽ ፍቃዱ፣ ብሉቱዙ ይሆን?» አለ ዮናስ በትሕትና።

የሺ ግን ዓይኗን ጫማዬ ላይ ተክላ ነበር። ሌላ ጉብታ መጣ፣ ሆ! አለ፣ አለፈ። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ፍቄ… እግሬ!»

«ምን ሆነ እግርሽ?»

«ያን ቀን ሽቦውን ስትፈልግ ፍሬኑን የረገጠው እግሬ! አምፖሉ የበራልህ እኮ እኔ ስለረገጥኩ ነው። ቴፑን ከፍሬን መብራቱ ሽቦ ጋር አጋብተኸዋል!»

የሚስት ነገር! ሰርግ ላይ ሆኖ እንኳ «አጋብተኸዋል» ትላለች። ነገሩ ግን ልክ ነበር። ፍሬን ካልተያዘ ሙዚቃ የለም። መኪናዋ ከቆመች ትዘፍናለች፤ ከሄደች ዲዳ ናት።

የቪኤይቱ ክላክስ ከኋላ አምባረቀ፣ የዮናስም ስልክ ጠራ። የአቶ ግርማ ድምፅ እስከ እኔ ተሰማ። «ገብርኤል አደባባይ ላይ ትወርዳላችሁ! መኪና ትቀይራላችሁ! ሰው እየሳቀብን ነው!»

በመስታወቱ ሳያትን አየኋት። አበባዋን ጭኗ ላይ አኑራ የወንበሩን የተቀደደ ጨርቅ በጣቷ እየዳበሰች ነበር።

«ግድ የለም ጋሽ ፍቃዱ» አለች። «እስከዚህ መምጣታችንም…»

በሕይወቴ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፣ የዚያን ያህል የከበደኝ የለም። ጫማዬን አራግፌ ጣልኩ። መጀመሪያ ማርሽ ላይ ሆኜ ግራ እግሬን ፍሬኑ ላይ፣ ቀኝ እግሬን ነዳጁ ላይ ጣልኩና ሁለቱንም ረገጥኳቸው። የዲኤክሷ ፍሬን ቀልድ አያውቅም፤ ሲነኩት ይነክሳል። ሞተሯ እንደምትወልድ ላም አቃሰተ፣ ኮፈኗ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ሄደች። ሄደች እየዘፈነች! ከኤሊ ትንሽ ከፍ ባለ ፍጥነት፣ ከነጎድጓድ በበለጠ ድምፅ።

ሰርግ በመኪና ሲያልፍ ሰው ዞር ብሎ አይቶ ወደ ሥራው ነው የሚመለሰው። የእኛ ግን አያልፍም። ጫማ የሚያስጠርግ ሰው ጫማው አልቆለት፣ ከፍሎ፣ ተነሥቶ ሲደርስብን ገና እዚያው ነን። ስለዚህ ሰው ተቀላቀለን። ተማሪው መጣ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚመለሱት ልጃገረዶች መጡ፣ የባጃጅ ሾፌሮች ባጃጃቸውን ዳር አስይዘው ወረዱ። ገብርኤል አደባባይ ስንደርስ የሀዋሳ ሕዝብ በሙሉ ከበበን፤ የዲላም ሰው ሳይኖርበት አይቀርም።

አቶ ግርማ ከቪኤይቱ ወርዶ በእግሩ ደረሰብኝ። ለመድረስ መሮጥ እንኳ አላስፈለገውም። በመስኮቴ በኩል ጎን ለጎን እየተራመደ፣

«ይሄ ምን ዓይነት አነዳድ ነው እርስዎ?» አለ።

«ሙዚቃው አለ ወይስ የለም?»

«አለ፣ ነገር ግን…»

«ስምምነታችን ሙዚቃ ነው አቶ ግርማ። ፍጥነት በውሉ ውስጥ አልተጠቀሰም!»

ሊመልስልኝ የታጠፈ ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ አፉን ሲከፍት ሕዝቡ ዘፈን አውራጁ እሱ መሰለው። ጃንጥላው ወደ ላይ ሲል ሰው ሁሉ «ሆ!» አለ። በቁጣ ወደ ታች አወረደው፤ ሰው ሁሉ አብሮ ጎንበስ አለ። «እኔ እኮ…» ሲል «እኔ እኮ!» ብለው ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ ያየሁት ከመሐላቸው የምትወጣ የምትገባውን ጃንጥላ ብቻ ነው።

«ጋሽ ፍቃዱ» አለ ዮናስ፣ «የሚጨስ ነገር ይሸተኛል።»

«የዓሣ ጥብስ ነው። ወደ ሐይቁ ተቃርበናል።»

ዓሣ አልነበረም። ይህን ያወቅሁት ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው ዳርቻ የሚያወርደው መንገድ ላይ፣ ፎቶ አንሺው ባዘጋጀው ቦታ ልቆም ፍሬኑን ሙሉ ስረግጠው ነው። እግሬ እስከ ወለሉ ዘልቆ ገባ። ሙዚቃው ከምን ጊዜውም በላይ አስተጋባ፤ መኪናዋ ግን አልቆመችም። ያን ሁሉ መንገድ ፍሬኑን አቃጥዬ ጨርሼዋለሁ። ፊት ለፊታችን የፎቶ አንሺው ባለሦስት እግር ማቆሚያ፣ ከእሱ ጀርባ ሁለት አባ ኮዳ ወፎች፣ ከእነሱ ጀርባ ሐይቁ።

«ቁም እንጂ ጋሽ ፍቃዱ!» አለች ሳያት።

«ቆሜያለሁ! እሷ ናት ያልቆመችው! የሺ! ድንጋዩን!»

የሺ አልጠየቀችም። በሩን በእግሯ ገፍታ፣ ነጠላዋን ከድንጋዩ ፈልቅቃ ዱብ አለች። ፍጥነታችን በሰዓት መቶ ነበር፤ እሷ የፍየል እርምጃ ነበር ትላለች። ከጎማው ፊት ቀደመች፣ ድንጋዩን ወረወረች። ዲኤክሷ ድንጋዩ ላይ ግማሽ ወጣች፣ አሰበችበት፣ ተመልሳ ወረደችና ቆመች። አባ ኮዳዎቹ ክንፋቸውን እንኳ ሳይዘረጉ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ አሉ። ሙዚቃው አልተቋረጠም፤ እግሬ ከፍሬኑ ላይ በድንጋጤ ደርቆ ቀርቶ ነበር።

ሕዝቡ ደረሰ። የሐይቁ ዳር በእስክስታ ተናወጠ። ቪኤይቱ እስካሁን ገብርኤል አደባባይ ላይ በሰው ተከቦ ቆሟል አሉ። ሳያት ከኋላ ወረደችና በሬን ከፈተችልኝ።

«ጋሽ ፍቃዱ፣ ውረድና ጨፍር።»

«እግሬን ካነሣሁ ዝም ትላለች።»

«እኔ እይዛታለሁ።»

ወረድኩ። ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ አባቷ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ገባች፣ ነጭ ጫማዋን ፍሬኑ ላይ አሳረፈች። ዮናስ ከፊት፣ ድሮ እሷ የምትቀመጥበት ላይ ገባ። መሪውን ይዛ በፊተኛው መስታወት ሐይቁን ወደ ቡሹሎ በኩል ታየው ጀመር። ፎቶ አንሺው ያዘጋጀውን ሁሉ ትቶ ያንን አነሣ።

እኔ ጨፈርኩ። እንዴት እንደጨፈርኩ ሀዋሳን ጠይቁ። አቶ ግርማ ሸሚዙ በላብ ረጥቦ፣ ድምፁ ተዘግቶ ለቪዲዮ ቀራጩ ሲናገር በጆሮዬ ሰማሁት። «በዝግታ እንዲሄድ ያደረግነው ሕዝቡን ለማሳተፍ ነው። በኮሚቴ የተወሰነ ነው።»

«የሺ ሰማሽው?» አልኩ። «እንዴት ያለ አጋናኝ ሰው ነው!»

የሺን ሳል ያዛት።

ልክ በዚያ ሰዓት ሙዚቃው ቆመ። ሰው ሁሉ ትከሻውን አየር ላይ እንደሰቀለ ወደ መኪናዋ ዞረ። ሳያት ዓይኗን ልትጠርግ ወደ ዮናስ መሐረብ ስትጠጋ እግሯ ተነሥቶ ነበር።

«ፍሬን!» ጮኸች የሺ።

«ፍሬን! ፍሬን!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ፤ የአቶ ግርማ ጃንጥላ ከሁሉም በላይ ከፍ አለች።

ሳያት እንባዋን ሳትጨርስ ሳቀችና ረገጠችው።